ባይጫንም ይሠራል

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሟቹን በሥራው ካልጠራ ሰው የሚያውቀው አይመስለውም። «አቶ ይርጋ የኮምፒውተሩ አርፈዋል፤ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት አቦ» ሲል የሰማሁት ግቢ ውስጥ ፊቴን እየታጠብኩ ነው። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያየኝ ሰው አለቀሰች ብሎ ይሆናል። አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ከክረምት ጀምሮ ተኝቶ፣ እንደማይነሳ እሱም እኛም እያወቅን፣ ለሚስቱ መናገር የነበረበትን አንድ ነገር ሳይናገር ሄደ። ያንን ነገር ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ለእኔ ተወው ማለት ነው።

ጋሽ ይርጋን ያወቅኩት ማትሪክ ከወደቅኩ በኋላ ነው። መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር በግድግዳ የሚገናኝ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል፤ ኪቦርዱ ላይ ሁልጊዜ ስስ ዱቄት አለ። ታይፕ ስለተማርኩ ቀጠረኝ። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው «ተይ እንጂ፣ ገና አልሸበትኩም» አለኝ። ጸጉሩ ከኪቦርዱ አይለይም ነበር።

ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሲጽፍ ኖሮ መንግሥት ሲለወጥ ተቀናሽ ሆነ። ሌላው ተቀናሽ ሁሉ ታክሲ ሲገዛ፣ ሱቅ ሲከፍት፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠራ። እኔ በተፈጥሮዬ መቀመጥ አልችልም። ኮምፒውተሩ ትንሽ ከዘገየብኝ ቁልፉን መደብደብ እጀምራለሁ። እሱ የተገላቢጦሽ ነው። ስክሪኑ ቀጥ ሲል ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ቀብሮ ይቀመጥባቸዋል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «እንዳላባብሰው ነው» ይለኛል። «ችኩሏ፣ አንቺም ቁጭ በይበት።»

ፕሮግራሙን በሦስት ዲስኬት ይሸጥ ነበር። አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ሁለተኛው ሁላችንም የምንጽፍበት ዋናው ፊደል። ሦስተኛው ላይ በእጁ «ተጨማሪ ፊደል። ባይጫንም ይሠራል» ብሎ የጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ሁሉም የጀመረው ከዚህች ወረቀት ነው።

ተጨማሪው ፊደል የሚስቱ የእትዬ ስንዱ አባት፣ የመሪጌታ ጥበቡ እጅ ነበር። መሪጌታ ለዓይን ሕክምና ከጎጃም መጥተው እነ ጋሽ ይርጋ ቤት ሲቀመጡ፣ ሐኪሞቹ ብርሃናቸው ብዙ እንደማይቆይ ነገሯቸው። ያኔ ጋሽ ይርጋ ባለ ካሬ ወረቀት አምጥቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጣቸው። በቀለምና በብዕር ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ከዚያም ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን የዜማ ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን ጻፉለት። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። መሪጌታ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፣ እዚያው አረፉ። ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እትዬ ስንዱ ስለ አባቷ ስታወራ «እጃቸው ይርጋ ጋ አለ» ትላለች፤ ሌላው ሰው ፎቶ አለኝ እንደሚለው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ሳሪስ ያለ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ደወለ። «ጋሼ፣ ፕሮግራምህ ሞተብን።» በውይይት ታክሲ ተጠጋግተን ሄድን። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ምንም አይልም። ጋሽ ይርጋ እጆቹን ቀብሮ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ «ሦስተኛዋን ዲስኬት አላችሁ?» አለ።

«እሷንማ ፎርማት አድርገን ደብዳቤ አስቀመጥንባት።»

«ለምን?»

«ተጨማሪ ነው ተብሎ የለ። ላዩ ላይ አንተው ነህ የጻፍከው።»

ዲስኬት ያኔ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነባት አጭር ፋይል አለች፤ ዋናው ፊደል እዚህ ነው፣ ተጨማሪው እዚያ ነው የሚል አድራሻ ተጽፎባታል። ተጨማሪውን ያልጫነ ሰው ጋ አድራሻው አለ፣ ቤቱ የለም። ፕሮግራሙ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሚከፍት የለም፤ እሱም አይመለስም።

«መስመሯን ደምስሳት፣ በቃ» አልኩት ስንመለስ።

«ብደመስሳትስ? ነገ ፊደሉን የሚፈልግ ሰው ቢመጣ መኖሩን በምን ያውቃል?»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«ችኩሏ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራችንን ትቶ ያቺን መስመር ብቻ ይዞ ከረመ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ተጨማሪውን ሲያጣ ዝም ብሎ በዋናው እንዲተካው አደረገ። ጥሩ ሆነ ብዬ ነበር፤ አይቆምም፣ አያማርርም። እሱ ግን አማቱ ያስጻፉትን አንድ ገጽ ዜማ በዚያ አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምልክቶቹ በነበሩበት ቦታ ሁሉ የማይሆን ነገር ገብቷል፤ ኮማ፣ ቁጥር፣ የጥያቄ ምልክት።

«ታዲያ ማን ያየዋል?» አልኩ።

«እሱ ነው ክፋቱ። የማያውቅ ሰው ሲያየው ሙሉ ይመስለዋል።» መነጽሩን በእጁ ጀርባ ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «ማጣት ነውር የለውም። የሌለውን አለ ማስመሰል ነው ነውሩ።»

ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ ብሏታል። ለደንበኛ፣ ለመብራት ኃይል ሠራተኛ፣ አንዴም እንጀራ የለም ላለችው የምግብ ቤት አስተናጋጅ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የምትቆጠቁጠኝ።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ተጨማሪውን ይፈልጋል። ካጣው አይቆምም፤ ግን ይናገራል፦ «ተጨማሪው ፊደል አልተገኘም። ሥራው በዋናው ፊደል ይቀጥላል።» ከሥሩ «እሺ» የምትል አንዲት ቁልፍ አለች። የጎደለው ምልክት ቦታ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይቀመጣል። «ቦታውን ማንም አይውሰድበት» አለ።

ቦታው ተጠበቀ፤ ገበያው ግን ሄደ። አቶ ፈለቀ የሚባል፣ በየቦታው ቅርንጫፍ ያለው የታይፕ ማሠልጠኛ ሥራ አስኪያጅ፣ ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍሎቹ ሊወስድ መጣ። ክራቫቱ ላይ የወፍጮው ዱቄት እንዳያርፍበት በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«አቶ ይርጋ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ያቺን መልእክት ብቻ ያንሱልኝ።»

«የቷን?»

«አልተገኘም የምትለዋን። ተማሪዎቼ ጠዋት ጠዋት ‹አልተገኘም› እያነበቡ መጀመር የለባቸውም። የተበላሸ ነገር የሸጥንላቸው ይመስላቸዋል።»

«እንግዲያው ሦስተኛዋን ዲስኬት ይጫኑላቸው። አትመጣም መልእክቷ።»

«የዜማ ምልክት ለምኔ ነው? ደብዳቤ ነው የማስተምረው።»

«እሷን ካነሳሁ መኖሩን ማንም አያውቅም።»

አቶ ፈለቀ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ እስቲ አስረጂልኝ።»

«ማስረዳቱንስ እኔም ሞክሬ ነበር» አልኩት። ሳቀና ሄደ፤ አልተመለሰም። በዚያው ሳምንት ከሌላ ሰው ሌላ ፕሮግራም እንደወሰደ ሰማን። ጋሽ ይርጋ ያን ቀን ሙሉ ክብሪት እያኘከ ዋለ። ማታ በር ስንዘጋ «የሚፈልገው ይመጣል» አለ። ለእኔ ይሁን ለቁልፉ አላውቅም።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዴ በኃይል መጣና የኛ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ። ብዙም አልደነገጠም። ፕሮግራሙንና ዋናውን ፊደል ከደንበኞቻችን ገልብጠን መለስን። «ተጨማሪውስ?» ስለው «ቤት አለ፤ ዋናዋ ዲስኬት ስንዱ ጋ ናት» አለኝ። መሪጌታ የሞቱ ዕለት «የአባትሽ እጅ እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ ሰጥቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛም በየጠዋቱ «አልተገኘም» እያልን እንነሳለን። «አምጣው እንጂ» ስለው «አመጣዋለሁ፤ የት ይሄዳል» ይላል።

የሚፈልገው ሰው እውነትም መጣ። ዝናብ የቀላቀለው አንድ ከሰዓት ነው፤ ጥላውን በር ላይ እያራገፈ አንድ ጎልማሳ የዜማ መምህር ገባ። ሊያሳትመው ያሰበ ዜማ አለው። የትም ቢሄድ ፊደሉን ይጽፉለታል፣ ምልክቱን ግን በእጅ ከላይ ጨምር ይሉታል። «አንድ ቦታ ላይ፣ ሳሪስ መሰለኝ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ‹ተጨማሪ ፊደል አልተገኘም› ሲል አየሁ። አልተገኘም ካለማ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኩ፤ ወደ እናንተ ላኩኝ።»

ጋሽ ይርጋ ወደ እኔ ብቻ አየ። ያንን ፊት በሕይወቱ ያየሁት አንዴ ነው። ወንበሩን አጸዳለትና «ነገ ይምጡ» አለው። ከዚያ ኮቱን ደርቦ «ነይ» አለኝ። እኔ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ምስክር የፈለገ ይመስለኛል።

ቤቱ ከቆሬ መታጠፊያ ነው። እትዬ ስንዱ ቀይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ምን እንደፈለግን ስንነግራት እጇን በነጠላዋ አብሳ፣ ታጥባ፣ እንደገና አብሳ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የአቦ ሥዕል ሥር ካለች ትንሽ መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወረደች። ስትፈታው ዲስኬቷ ናት። አጠገቧ የጠበል ጠርሙስ አለ።

«ንጹሕ አድርጌ ነው የያዝኳት» አለች። «ወር በገባ በአምስት፣ በአቦ፣ ቤቱን ስረጭ መጀመሪያ እሷን እረጫለሁ። ከዚያ ነው ሌላው።»

ጋሽ ይርጋ ዲስኬቷን ተቀበላት። የብረት ክዳኗ ዝጎ ተጣብቋል። በጥፍሩ ገፋ አደረገው፤ አልሄደም። እንደገና ገፋው፣ ተከፈተ፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ቡና ዓይነት ሻጋታ ክብ ክብ ሠርቷል። ክዳኑን መለሰው።

«ምነው?» አለች እትዬ ስንዱ።

አፌን ከፈትኩ። እኔ እንደሆንኩ ያየሁትን ሳልናገር ማደር አልችልም። ጋሽ ይርጋ እግሬን በጫማው ጫን አለኝ።

«ምንም» አላት። «ደህና ናት። ልሥራባትና እመልሳታለሁ።»

«ውሰዳት» አለች፣ እየሳቀች። «እንዲያው አባቴን ልትወስድብኝ መሰለኝ።»

ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ቅርፊቱን በምላጭ ሰነጠቀው። ፕላስቲኩን አውጥቶ በተጣራ ውኃ አጠበው፣ በጥጥ አደረቀው፣ ከአዲስ ዲስኬት ቅርፊት ውስጥ አስገብቶ ሞከረው። ማሽኑ እንደ ታመመ ሰው ጥርሱን አፋጨ። ጋሽ ይርጋ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ቀበረ። እኔም በእጆቼ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ብዙ ቆይቶ ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ተጨማሪው ፊደል አልተገኘም።» እንደገና አጠበው፣ እንደገና ሞከረው። ወፍጮው እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

በማግስቱ መምህሩ መጣ። ጋሽ ይርጋ ቀና ብሎ አላየውም። «ይፈለጋል፤ ትንሽ ይታገሡን» አለው።

ፍለጋ ጀመርን። ሳሪስ፣ ጎፋ፣ ቄራ፣ ላፍቶ፤ ፕሮግራሙን የሸጠለት ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ። የሁሉም ንግግር አንድ ነው። «ፎርማት አደረግናት።» «ልጆቹ ጌም ጫኑባት።» «አለችን፣ ግን የሰው ደብዳቤ ነው ያለባት።» ጎፋ ያለችው አንዲት ሴት መሳቢያዋን ገልብጣ ፈለገች። ወረቀቷ ሳትነሳ፣ የጋሽ ይርጋ ጽሕፈት ሳይደበዝዝ፣ ዲስኬቷን አገኘቻት። «ባይጫንም ይሠራል» ይላል። ኮምፒውተር ውስጥ ስንከታት የሠርግ ጥሪ ወረቀት ወጣ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች፣ ፊቱን አይታ። «አስፈላጊ ነበር እንዴ?»

«አይ» አላት። «ተጨማሪ ነበር።»

መምህሩ ሁለተኛ ጊዜ መጣ፣ ሦስተኛም መጣ፤ ከዚያ ቀረ።

ዲስኬቷን ወደ አሮጌ ቅርፊቷ መልሶ፣ ስንጥቁን በሙጫ አጣብቆ፣ ለእትዬ ስንዱ መለሰላት። «ደህና ናት?» አለችው። «ደህና ናት» አላት። እኔ ይህንን ሰምቼ ጠበቅኩና ጽሕፈት ቤት ስንገባ ፊት ለፊት ነገርኩት።

«ፕሮግራምህ እንኳን ሲያጣ ይናገራል። ማስመሰል ነው ነውሩ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ፕሮግራሙ ሚስት የለውም» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራም። ትዕዛዝ ሲመጣ እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል። አንድ ጊዜ፣ ወር በገባ በአምስት፣ አርፍዶ መጣ። የክራሩ ጅማት የተበጠሰበት ሰው ይመስላል። «ዛሬ የጠበሉን ጠርሙስ ያዝልኝ አለችኝ» አለ። «ያዝኩላት።» ክረምት ሲገባ ሆዱን አመመው፣ ተኛ። የሐኪሞቹን ነገር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ለመዳን የሚጥር ሰው እንዳልነበረ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ትራሱ ወደ ሥዕሉ እንዳይዞር አድርጎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የማገኘው።

ተቀበረ። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ ድንኳኑ ተነሳ። አርባው ሲቃረብ እትዬ ስንዱ ጽሕፈት ቤት መጣች። ሙሉ ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች፣ ዱቄቱን ሳታራግፍ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጩን ጨርቅ ከደረቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የአርባውን የጥሪ ወረቀት ጻፊልኝ» አለች። «ስሙ ግን በአባቴ እጅ ይሁን። እነሱ ሁለቱ ናቸው እዚያ መስኮት ሥር የከረሙት።»

«እትዬ፣ በዋናው ፊደል ያምራል። እሱ ራሱ የሠራው እኮ ነው» አልኩ።

«በአባቴ እጅ ነው ያልኩሽ።»

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዲስኬቷን ወሰድኩና ከተትኳት። ማሽኑ ጥርሱን አፋጨ። እትዬ ስንዱ ድምፁን ሰምታ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ማንበብ ከእኔ ቀድማ ነው የተማረችው። መልእክቱ ሲመጣ፣ ገና እኔ እጄን ሳላነሳ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«‹ተጨማሪው ፊደል አልተገኘም። ሥራው በዋናው ፊደል ይቀጥላል።›» ወደ እኔ ዞረች። «ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«ጋሽ ይርጋ።»

«መቼ?»

«ድሮ። ይህ ሁሉ ሳይሆን በፊት።»

ዲስኬቷን አውጥቼ ሰጠኋት። የዛገውን ክዳን አየችው። የተጣበቀውን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ምላጭ የገባበት መሆኑን ለማወቅ ሽንኩርት የላጠ እጅ ይበቃል። ከዚያ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ምን እንደሸተታት አላውቅም፤ ጠበሉ ይሆናል።

«ውኃ አይወድም እንዴ?» አለች።

መዋሸት እችል ነበር። ዲስኬት በራሱ ያረጃል ማለት እችል ነበር፤ ደግሞም ያረጃል። «አይወድም» አልኩ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ጠርሙሱን ሲይዝልኝ?»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ተነሳ፣ ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንዴት አስቻለው?» አለች፤ እኔን አልነበረም። ከዚያ «በዋናው ጻፊው» አለች።

ጻፍኩት። ስሙን፣ ቀኑን፣ ቤቱን፤ ሰው ሁሉ የሥራ ማመልከቻ በሚጽፍበት በዚያው ፊደል። ወረቀቶቹን ስሰጣት ነጩን ጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

«እትዬ፣ የአባትሽ…»

«እኔ ጋ ከሆነ እረጨዋለሁ» አለችና ተነስታ ሄደች።

መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ጽሕፈት ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ክፍሉን ይፈልገዋል። እኔም የት እንደምሄድ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ዱቄቱን እጠርግና ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይነግረኛል። እጄን ከጭኔ ሥር ቀብሬ ትንሽ እቀመጣለሁ። ከዚያ «እሺ» የምትለውን እጫናለሁ።